ማሽኑ በርግጥ ምን ያደርጋል? ስለ ፕሮግራመሮች ብልሃትና ትምህርት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ስለ ኮምፒውተር ዓለም ድንቅ ሥራዎች ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ታላላቅ ኩባንያዎች፣ ግዙፍ የመረጃ ማዕከላትና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ፕሮጀክቶች ናቸው። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ማንም ሳያዝዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ብዙ ጊዜም በቅጽል ስማቸው ብቻ እየታወቁ ማሽኑን ሠሪው ራሱ ያላሰበውን ነገር ስላሠሩት ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች በየፊናቸው ማኅበረሰብ መሥርተዋል፤ እንደኔ እምነት እነዚህ ማኅበረሰቦች በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ከታዩት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጠንካሮቹ ናቸው። ትምህርት ቤት ያደረጋቸው ደግሞ ሥራቸው የሚያስደንቅ መሆኑ ብቻ አይደለም። የሠሩትን ነገር ሌላ ሰው ፈታትቶ ሊመረምረው፣ ራሱ ሊሞክረውና ሊያሻሽለው መቻሉ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ከኮሞዶር 64 ልጀምር። በ1982 ለገበያ የቀረበው ይህ የቤት ኮምፒውተር 64 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታና በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ገደማ ዑደት የሚሠራ ፕሮሰሰር ነበረው። የምስል ቺፑ ለፕሮግራመሩ የሚሰጠው 320 በ200 ነጥብ የሆነ መስኮት በስክሪኑ መካከል ነው። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዙሪያ አንድ ወጥ ቀለም የተቀባ ጠርዝ ሲሆን በሠሪዎቹ ሐሳብ እዚያ ላይ ምንም አይሣልም። ይሁን እንጂ ማሽኑ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምስሎች ከመስኮቱ ወጥተው ጠርዙ ላይ ሲንሸራሸሩ ታዩ። ነገሩን ያየ ሁሉ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መጠየቁ የማይቀር ነበር፤ መልሱም ቀረብ ብሎ መታየት የሚገባው ነው።

ቺፑ ስክሪኑን የሚስለው ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ነው። 25 የጽሑፍ ረድፎችን እንዲያሳይ ከታዘዘ የታችኛውን ጠርዝ መሳል የሚጀምረው መስመር 251 ላይ ሲደርስ ነው፤ 24 ረድፎችን እንዲያሳይ ከታዘዘ ደግሞ ቀደም ብሎ መስመር 247 ላይ ይጀምራል። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው አንዲት ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ ብቻ የምትይዝ የመረጃ ቅንጣት፣ ናት። እንግዲህ ፕሮግራሙ ቺፑን በ25 ረድፍ ሁነታ ላይ አቆይቶ መስመር 247ን እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ በዚህ ሁነታ 247 ለቺፑ ምንም ትርጉም ስለሌለው ጠርዙን አይጀምርም። ከዚያ መስመር 251 ሳይደርስ ፕሮግራሙ ፈጠን ብሎ ወደ 24 ረድፍ ይቀይረዋል። አሁን ቺፑ የሚጠብቀው 247ን ነው፤ 247 ግን ካለፈ ቆይቷል። 251 ሲደርስም በአዲሱ ሁነታ የሚያሳስበው ነገር ስላልሆነ ዝም ብሎ ያልፈዋል። በዚህ መንገድ ጠርዙ ሳይጀመር ይቀራል፤ ስፕራይት የሚባሉት ተንቀሳቃሽ ምስሎችም ከመስኮቱ በታች ይታያሉ። ይህ ሁሉ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ምስል ላይ መደገም አለበት። የጎኖቹን ጠርዝ መክፈት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ተመሳሳዩ ማታለል በእያንዳንዱ መስመር ላይ፣ በአውሮፓው ሥሪት ለአንድ መስመር ከተመደቡት 63 ዑደቶች መካከል በትክክለኛዋ ዑደት ላይ መፈጸም ይኖርበታል።

እዚህ ላይ የተገኘው ዕውቀት ምንድን ነው? ቺፑ «መስመሩ አልፏል ወይ?» ብሎ እንደማይጠይቅ፣ የሚጠይቀው «ልክ አሁን ነው ወይ?» ብቻ እንደሆነ ማወቅ ነው። ይህ በየትኛውም የተጠቃሚ መመሪያ ላይ እንደ ጥቅም ተጽፎ የሚገኝ ነገር አይደለም። የሚገኘው ማሽኑ ይሠራል ተብሎ የተነገረውን ወደ ጎን ትቶ በርግጥ የሚሠራውን በመጠየቅ ነው። ብልሃቱን አንድ ሰው ካገኘው በኋላ ሌሎቹ ሥራውን አይተው ብቻ አልቀሩም፤ ፕሮግራሙን ከዲስኩ አውጥተው፣ ትእዛዛቱን አንድ በአንድ አንብበው፣ የት ቦታ ላይ የትኛዋ ቢት እንደምትቀየር ደርሰውበታል። በማግስቱም ሁለት ጠርዝ፣ ከዚያም አራቱንም ጠርዝ መክፈት የክብር ጉዳይ ሆነ።

ይህ ልማድ የበቀለው፣ ሳንሸፋፍን እንናገርና፣ ከሕገ ወጥ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ ጨዋታዎችን ከቅጂ መከላከያቸው እያላቀቁ የሚያሰራጩ ወጣቶች በእያንዳንዱ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ስማቸውን የሚያስተዋውቅ አጭር ትርኢት ያስገቡ ነበር። ቀስ በቀስ ትርኢቱ ከጨዋታው በልጦ ተገኘና ጨዋታው ቀረ፤ ዴሞ ከሚባሉት ከእነዚህ ትርኢቶችም ዴሞሲን እየተባለ የሚጠራው የፈጠራ መድረክ ተወለደ። በፊንላንድ ከ1992 ጀምሮ የሚካሄደውን አሴምብሊን የመሳሰሉ ውድድሮች ተቋቋሙ፤ ሥራዎች በትልቅ ስክሪን ይታያሉ፣ ተሰብሳቢው ድምፅ ይሰጣል። በ2020 ፊንላንድ፣ በ2021 ደግሞ ጀርመን ዴሞሲንን በየብሔራዊ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገባቸው ላይ አሰፈሩት። ከስርቆት የተነሣ ነገር ቅርስ ለመሆን አርባ ዓመት እንኳ አልፈጀበትም።

በጀርመኗ ሳርብሩከን በሚካሄደው ሪቪዥን የተባለ ውድድር ላይ በ2015 የቀረበው ኤይቲ ኤይቲ ኤይት ኤምፒኤች የተሰኘ ሥራ የዚህን መንፈስ ጥግ ያሳያል። የተሠራው በ1981 ለወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ሲሆን የማሽኑ ፕሮሰሰር የሚሮጠው በ4.77 ሜጋኸርዝ ነው። የቀለም ካርዱ በተለመደው 320 በ200 የሥዕል ሁነታ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 4 ቀለሞችን ብቻ ነው፤ የዴሞው ሠሪዎች ግን 1024 ቀለሞችን አወጡበት። መንገዱ በካርዱ የቴሌቪዥን መውጫ በኩል ነበር። በዚያ መውጫ ቀለም የሚተላለፈው በሞገድ ላይ ተጭኖ ስለሆነ እጅግ ተጠጋግተው የሚበሩና የሚጠፉ ነጥቦች በቴሌቪዥኑ ዘንድ እንደ ቀለም ይነበባሉ። ይህን ስሕተት በመጠቀም 16 ቀለሞችን ማግኘት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነበር። አዲሱ ነገር ካርዱን በጽሑፍ ሁነታ ላይ አድርጎ የፊደላቱን የላይኛ መስመሮች ብቻ እየቆረጡ ማሳየትና የፊደሉን ቀለም ከጀርባው ቀለም ጋር እያዛነቁ ማባዛት ነው። ማሽኑ ከተሠራ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠቅመውበታል፤ ይህ ችሎታ ግን እስከዚያች ዕለት ድረስ ውስጡ ተቀብሮ ነበር። በጊዜው የነበሩ ኢሙሌተሮች፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች፣ ዴሞውን በትክክል ማሳየት አልቻሉም። ይህም ማሽኑን እናውቀዋለን የሚሉት ራሳቸው ምን ያህሉን እንደማያውቁት አጋለጠ። ሠሪዎቹም እያንዳንዱን ብልሃት በዝርዝር ጽፈው አብራሩ፤ ዴሞው ኋላ ላይ የኢሙሌተር ትክክለኛነት መፈተኛ ሆኗል።

ሌላው የውድድር ዓይነት የሚገድበው የፋይሉን መጠን ነው። በ2009 ብሬክፖይንት በተባለው ውድድር ያሸነፈው ኤሌቬትድ ሙዚቃውን፣ ተራሮቹን፣ በረዶውን፣ ሐይቁንና የካሜራውን ጉዞ ሁሉ በ4096 ባይት ውስጥ የያዘ ነበር። በዚህ መጠን አንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ እንኳ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ምንም ምስል አልተቀመጠም፤ የተቀመጠው ቀመር ነው። ተራራው የሚገኘው ዘፈቀዳዊ የሚመስል ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት የሚሰጥ ቀመር ወስዶ መጀመሪያ ሰፋፊ ጉብታዎችን በማስላት፣ ከዚያ በግማሽ ያነሱና በእጥፍ የጠበቡ ጉብታዎችን እየደራረቡ በመደመር ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ኢኒጎ ኪሌዝ በ2013 ከሌላ ፕሮግራመር ጋር ሼደርቶይ የተባለ መድረክ አቋቋመ። በዚያ መድረክ ላይ ከሚንቀሳቀሰው ሥዕል ጎን ሥዕሉን የወለደው ኮድ ይታያል፤ ማንም ሰው አንዲት ቁጥር ቀይሮ ውጤቱን እዚያው ማየት ይችላል። እኔ ከሥዕሎቹ ከራሳቸው ይልቅ ይህን ውሳኔ አደንቃለሁ። በቀድሞው ዴሞሲን ኮድን መደበቅ የተለመደ ነበር፤ ለመማር የፈለገ ሰው የተጨመቀውን ፋይል በትዕግሥት መፈታታት ነበረበት። ያ ድካም ጠንካሮቹን አጠንክሯል፤ ስንቶቹን ተስፋ አስቆርጦ እንዳባረረ ግን የቆጠረ የለም።

ስለ ተቃራኒው ወገንም ጥቂት ልበል። ከ1984 ጀምሮ ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለመነበብ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ፕሮግራም የሚጻፍበት ዓለም አቀፍ ውድድር አለ። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ በ2001 ከዚህ ውድድር ሽልማት ያገኘበት ሥራ በጣም አነስተኛ የሲ ኮምፓይለር፣ ማለትም በሲ የተጻፈን ፕሮግራም ወደ ማሽኑ ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም፣ ነበር፤ ከዚያች ቁራጭ ተነሥቶም ቲሲሲ የተባለውን ለሥራ የሚውል ኮምፓይለር ሠራ። ስለዚህ ጨዋታው ፍሬ አልባ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም የቡድን ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ኮድ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ጥበቡን እያደነቅን ኮዱን እንድንመልስለት እመክራለሁ።

አሁን በብዙዎች ዘንድ ወደ ታወቀችው ቁጥር እንምጣ። ኢድ ሶፍትዌር በ1999 ያወጣውን የኩዌክ ሦስት አሬና ጨዋታ ምንጭ ኮድ በ2005 ለሕዝብ ሲለቅ፣ ከዚያ በፊትም በፕሮግራመሮች መካከል ትዘዋወር የነበረች አንዲት እንግዳ መስመር ውስጡ ተገኘች። መስመሯ የአንድን ቁጥር ካሬ ሥር ግልባጭ፣ ማለትም አንድ ለካሬ ሥሩ ሲካፈል የሚገኘውን፣ ያለ ማካፈልና ያለ ካሬ ሥር ታሰላለች። ይህ ስሌት ብርሃን በምን አቅጣጫ ከግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ በየቅጽበቱ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በዘመኑ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ቀርፋፋ ነበር። መስመሯ የነጥብ ቁጥሩን፣ ማለትም ክፍልፋይ ሊኖረው የሚችለውን ቁጥር፣ 32 ቢቶች እንደ ተራ ሙሉ ቁጥር ትወስዳቸዋለች፣ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ትገፋቸዋለች፣ ከዚያ ውጤቱን ከ1597463007 ላይ ትቀንሳለች። ከጎኗ የሰፈረው ማስታወሻ በጨዋ ቋንቋ ሊደገም የማይችል የግርምት ጥያቄ ነው፤ ኮዱን ያስገባው ሰው ራሱ እንዳልገባው ያስታውቃል።

ነገሩ ግን ተአምር አይደለም። የነጥብ ቁጥር በማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠው 1 ቢት ለምልክት፣ 8 ቢት ለኃይል፣ 23 ቢት ለክፍልፋይ ተመድቦለት ነው። የኃይሉ ክፍል ከፊት ስለሚቀመጥ እነዚያው ቢቶች እንደ ሙሉ ቁጥር ሲነበቡ ለቁጥሩ ሎጋሪዝም በጣም የቀረበ ዋጋ ይሰጣሉ። ሎጋሪዝምን ለሁለት ማካፈል ካሬ ሥር ማውጣት ነው፤ ምልክቱን መገልበጥ ደግሞ ግልባጩን መውሰድ ነው። አንድ ቦታ ወደ ቀኝ መግፋቱ የማካፈሉን፣ መቀነሱ የመገልበጡን ሥራ ይሠራል፤ ያቺ ረጅም ቁጥር ደግሞ አቀማመጡ ያመጣውን ልዩነት ታስተካክላለች። ከዚያ ግምትን ደረጃ በደረጃ በሚያሻሽለው በኒውተን ዘዴ አንድ ጊዜ ሲታረም ስሕተቱ ከ0.18 በመቶ በታች ይወርዳል።

ብዙዎች ይህን ለጨዋታው ዋና ፕሮግራመር ለጆን ካርማክ ሰጥተውት ነበር፤ እርሱ ግን የኔ አይደለም አለ። ፍለጋው ወደ ኋላ ሄዶ በ1980ዎቹ መጨረሻ አርደንት ኮምፒውተር ውስጥ ይሠራ ወደነበረው ወደ ግሬግ ዋልሽ፣ በርሱም በኩል ሐሳቡን ወዳካፈለው ወደ ሒሳብ ሊቁ ክሊቭ ሞለር አደረሰ። ለኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ግን ክሪስ ሎሞንት በ2003 ያደረገው ምርመራ ነው። ሎሞንት ለመጀመሪያው ግምት በስሌት ከሁሉ የተሻለችውን ቁጥር አገኘ፤ ከኒውተን እርማት በኋላ ሲለካት ግን ከድሮዋ የባሰች ሆና ተገኘች። ስለዚህ ቁጥሮችን አንድ በአንድ እየሞከረ ፈለገና በጥቂቱ የምትሻል አገኘ። ያገኛት ቁጥር ከቀድሞዋ በ167 ብቻ የምትበልጥ ናት። ዛሬ ፕሮሰሰሮች ለዚሁ ስሌት የራሳቸው ትእዛዝ ስላላቸው ብልሃቱ በሥራ ላይ እምብዛም አያስፈልግም። ቢሆንም ቁጥር በማሽን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማስተማር ከዚህች መስመር የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

የጨዋታ ተጫዋቾችም ከዚህ ትምህርት ቤት ውጭ አይደሉም። ሴዝብሊንግ በሚል ስም የሚታወቀው ተጫዋች በ2016 ሱፐር ማሪዮ ወርልድን በተራ መቆጣጠሪያ እየተጫወተ፣ በጨዋታው ውስጥ ያሉ ስሕተቶችን ተጠቅሞ፣ ማሪዮን በተመረጡ ቦታዎች ላይ በማቆም ብቻ የሌላ ጨዋታን ኮድ ወደ ማሽኑ ማህደረ ትውስታ አስገባ። የማሪዮ አግድም ቦታ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ለፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ባይት በባይት ጽፎ ሲጨርስ ማሪዮ ቀርቶ ፍላፒ በርድ የተባለው ጨዋታ ተጀመረ። መረጃና ፕሮግራም በአንድ ማህደረ ትውስታ ውስጥ እንደሚኖሩ፣ በመካከላቸው ያለውም ልዩነት ፕሮሰሰሩ እንዴት እንዳነበባቸው ብቻ እንደሆነ መማሪያ መጻሕፍት ይነግሩናል፤ እዚህ ግን በዓይን ታየ። ብዙዎቹን የደኅንነት ጥሰቶች የሚያስከትለውም ይኸው ባሕርይ ነው።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ወደ ንጹሕ ሒሳብ ይወስደናል። የሒሳብ ሊቁ ቲቦር ራዶ በ1962 አንድ ጥያቄ አቀረበ። ዜሮ ብቻ በተጻፈበት ማለቂያ የሌለው ጥብጣብ ላይ የሚሠሩ፣ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ሁኔታዎች ያሏቸውን የቱሪንግ ማሽኖች ሁሉ፣ ማለትም በየርምጃው አንድ ምልክት እያነበቡና እየጻፉ በቀላል ሕግ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ሐሳባዊ ኮምፒውተሮችን፣ እንውሰድ፤ በመጨረሻ ከሚቆሙት መካከል ረጅሙን ርምጃ የሚሄደው ስንት ርምጃ ይሄዳል? ቢዚ ቢቨር የሚባለው ይህ ጥያቄ ለአራት ሁኔታዎች መልሱ 107 ነው። ለአምስት ግን ሃይነር ማርክሰንና ዩርገን ቡንትሮክ በ1989 ከ47,176,870 ርምጃ በኋላ የሚቆም ማሽን አገኙ፤ ከዚህ የሚበልጥ አለመኖሩን ግን ማንም ሊያረጋግጥ አልቻለም። አንድ ማሽን ይቆም እንደሆነ ለሁሉም በሚሠራ ስልት ማወቅ እንደማይቻል ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ሳይቆም ብዙ የሄደ ማሽን ሁሉ ለዘላለም እንደማይቆም በየራሱ ማስረጃ ሊቀርብለት ይገባል።

በ2003 ቡልጋሪያዊው ጌዎርጊ ጌዎርጊየቭ ብቻውን ባዘጋጀው ፕሮግራም ያልተፈቱትን ማሽኖች ወደ 43 አውርዶ ነበር። ችግሩ ፕሮግራሙ ለመመርመር እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ቢደነቅም እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አልቻለም። በ2022 ትሪስታን ስቴሪን ቢቢ ቻሌንጅ የተባለውን የጋራ ሥራ ሲጀምር ይህን ጉድለት የሚሞላ አሠራር አብሮ ዘረጋ። የወቅቱን የርምጃ ገደብ አልፈው ያልቆሙት 88,664,064 ማሽኖች በይፋ ዝርዝር ውስጥ ተቀመጡ፤ አንድን የማሽን ወገን የሚፈታ ፕሮግራም ያቀረበ ሰው ውጤቱ ተቀባይነት የሚያገኘው ሌላ ሰው ለብቻው በድጋሚ ጽፎ ተመሳሳይ ውጤት ሲያገኝ ነበር። ተሳታፊዎቹ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ብዙዎቹም ከዩኒቨርሲቲ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ናቸው። መጨረሻ ላይ የቀሩት ጥቂት ማሽኖች አስቸጋሪዎች ነበሩ። ከጌዎርጊየቭ ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያው ማሽን በርግጥ ራሱን መድገም ይጀምራል፤ ወደዚያ የሚደርሰው ግን ከአንድ ቀጥሎ 51 ዜሮ ከሚጻፍበት ቁጥር የሚበልጥ ርምጃ ከሄደ በኋላ ነው። በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በተራ አሠራር አስኪዶ ይህን ማየት አይቻልም።

በ2024 ኤምኤክስዲዋይኤስ በሚል ስም ብቻ የሚታወቅ ተሳታፊ የሌሎቹን ሥራ አሰባስቦና የጎደለውን ሞልቶ ሙሉውን ማስረጃ ኮክ በተባለው ማረጋገጫ ሶፍትዌር አቀረበ፤ የአምስቱ መልስም 47,176,870 መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተማረ፣ የት እንደሚኖር ማወቅ አላስፈለገም። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን የአመክንዮ ርምጃ ስለሚመረምር የጸሐፊውን ማንነት ማመን የግድ አይሆንም። የጌዎርጊየቭ ድካም ለሃያ ዓመት ያህል በይሆናል ደረጃ ላይ የቀረው፣ የዚህ ስም የለሽ ሰው ሥራ ግን ወዲያው ተቀባይነት ያገኘው በችሎታ ስለተበላለጡ አይመስለኝም፤ ሁለተኛው በሌላ ሰው ሊመረመር በሚችል መልክ ስለቀረበ ነው።

ስለ ስድስት ሁኔታዎች የሚጠይቁኝ እንደሚኖሩ እገምታለሁ። በ2022 ፓቬል ክሮፒትዝ ባገኘው ማሽን ብቻ ስንሄድ እንኳ መልሱ አስሮችን እርስ በርስ በኃይል 15 ፎቅ ደራርበን ከምናገኘው ቁጥር ይበልጣል። ከመጠኑ ይልቅ መንገዱን የዘጋው ግን በ2024 የተገኘው አንቲሃይድራ የተባለ ማሽን ነው። የማሽኑ ሥራ በወረቀት ላይ ሊከተሉት የሚቻል ነው፦ ከ8 ይጀምራል፤ ቁጥሩን በአንድ ተኩል ያባዛል፣ ትርፍ ግማሽ ካለ ይጥላል። 8፣ 12፣ 18፣ 27፣ 40፣ 60፣ 90፣ 135 እያለ ይቀጥላል። በመንገዱ ላይ ያጋጠሙት ጎዶሎ ቁጥሮች ለሁለት እኩል ከሚካፈሉት ከሙሉዎቹ እጥፍ በልጠው በተገኙበት ቅጽበት ይቆማል። ጎዶሎና ሙሉ በእኩል ዕድል የሚመጡ ስለሚመስሉ ማሽኑ ፈጽሞ እንደማይቆም ሁሉም ይጠረጥራል፤ ይህን የሚያረጋግጥ የሒሳብ ስልት ግን እስካሁን በማንም እጅ የለም።